ዳንቴል የለበሰው ዘበኛ

ከተከዜ ወዲህ እኔን የሚያክል የኮምፒውተር ሊቅ አልነበረም። እኔ ሰቆጣ ላይ ሳስነጥስ አበርገሌ ያለ ኮምፒውተር ደንግጦ ይበራ ነበር። የሚጠራጠር ካለ በዚያ ጊዜ አበርገሌ ውስጥ ስንት ኮምፒውተር እንደነበረ ሄዶ ይጠይቅ፤ መልሱ ዝናዬን ስለሚጎዳው እኔ አልናገርም። በእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ ሰርቨር የሚባለው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የሚፈራው እኔን ሳይሆን የመብራት መጥፋትን ነበር።

ግቢያችን ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ክትባት እዚያ ይከማችና በዙሪያችን ወዳሉት ወረዳዎች፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ሰሃላ ይወጣል። ሰርቨሩ የተቀመጠው ከትልቁ የክትባት ፍሪጅ ጎን ሲሆን ዋና ሥራው ፍሪጁን መጠበቅ ነበር። ክትባት እንደ ቅምጥል ሙሽራ ነው፤ ቢሞቀው ይበላሻል፣ ቢበርደውም ይበላሻል። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካላገኘ ያኮርፋል፤ አንዴ ካኮረፈ ደግሞ ሽማግሌ ብትልክም አይመለስም።

ፍሪጁን የሚጠብቀው አንድ ፕሮግራም ነበር። ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ቢኖረውም እኔ «ዘበኛው» አልኩት። ከጀርባ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ በየጥቂት ደቂቃው የማሽኑንና የፍሪጁን ደኅንነት እየጠየቀ የሚጽፍ ነው። በራሱ ግን ምንም አያውቅም። የሚያውቀው መልእክተኞቹ የሚያመጡለትን ብቻ ነው፤ ፕለጊን ይባላሉ። አንዱ ፕለጊን ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ አይቶ ይመጣል፤ አንዱ መብራት መኖር አለመኖሩን፤ አንዱ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ወደ ፍሪጁ ሆድ ወርዶ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዱን አሽከር ፍየል ተራ፣ አንዱን ማሽላ ተራ እየላከ ወሬ እንደሚያስለቅም የጥንት ሹም ቁጠሩት።

ስሙን ግን የግቢያችን እውነተኛ ዘበኛ አልወደዱትም። የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ፣ ዳዊት ሳይደግሙ በር የማይከፍቱ ሽማግሌ ነበሩ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ዘበኛ ቀጠርክ አሉ» አሉኝ አንድ ቀን በትራቸውን ተደግፈው።

«የእርስዎን ቦታ አይነካም አባባ፤ የፍሪጅ ዘበኛ ነው።»

«ዱላ ይይዛል?»

«አይይዝም።»

«ሌባ ሲመጣ ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይጽፋል።»

«ይጽፋል!» አሉና ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ሌባውን ይጽፈዋል! ይሁን፤ እኔም ከነገ ጀምሬ ዱላዬን ጥዬ ብዕር ልያዝ።»

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ጸሐፊው ደኅና አደረ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ያን ድምፅ ለመስማት ዳገቱን በጉልበቴ ዳዴ እያልኩ ብወጣው ደስ ይለኛል።

ዘበኛውን ሥራ ለማስጀመር ጥቁር መስኮት ተከፍቶ ስሙ ይጻፋል፤ ከስሙ ኋላ ደግሞ ሰረዝና አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ትከተላለች። እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ የምትነግረው ፊደሏ ናት። ትንሿ ቲ «ደንብህን አንብበህ ስሕተት ካለው ንገረኝ፤ ሥራ ግን አትጀምር» ማለት ናት። ትልቋ ቲ «መልእክተኞችህን አንድ ጊዜ ላክ፣ ያመጡትን አሳየኝና ተሰናበት» ማለት ናት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሳይል ሁሉን እኩል ሲያስከብር፣ የፈረንጁ ፊደል እንዲህ በመጠን ይለያያል። ኤፍ የምትባልም ነበረች። እሷ «ወደ ጀርባ አትሂድ፤ እዚሁ ፊቴ ሥራ፤ የሚሆነውንም ሁሉ መስኮቱ ላይ እየጻፍክ አሳየኝ» የምትል ናት። መመሪያው ይህቺ ለመሞከሪያ ብቻ ናት ይላል። እኔ ግን ዘመኔን ሙሉ ዘበኛውን ያስነሣሁት በኤፍ ነው። ለምን? ሊቅ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ስለዚህ ጥቁሩ መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ነበር፤ ስክሪኑም ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ማንም እንዳያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፉን በሕክምና ፕላስተር አሸግሁት።

«ምን ቆስሎ ነው?» አለችኝ ሲስተር ገና ስታየው።

ሲስተር የክትባቱ ኃላፊ ነርስ ናት። የዝቋላ ልጅ ናት፤ ኽምጣና አፍ የፈታችበት ቋንቋ፣ አማርኛ ደግሞ እኔን የምትቀጣበት። እኩያሞች ስለነበርን አትምረኝም ነበር። በነጋታው ከቤቷ ራሷ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ይዛ መጥታ ስክሪኑን አለበሰችው።

«ሬዲዮ ሳይቀር ዳንቴል በሚለብስበት አገር ይህን የመሰለ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጥ? አቧራውስ?»

ጥሩ ነገር ነው፤ በሰቆጣ አቧራ ላይ ከእሷ ጋር የሚከራከር የለም። እንዲህ ሆኖ ዘበኛው ዳንቴሉ ሥር ተደብቆ ሲጽፍ ይውላል፣ ሲጽፍ ያድራል። የጻፈውን ማንም ገልጦ አያነብም፤ ፍሪጁን የምናየው በቢሯችን ኮምፒውተር ላይ በሚሳለው መስመር ነበርና። ወደ ሰርቨሩ የምንሄደው ፕሪንተሩ እዚያ ስለነበር ለማተም ብቻ ነው።

ዘበኛው ከመምጣቱ በፊት ሲስተር ጧትና ማታ የፍሪጁን ዲግሪ እያየች በወረቀት ትሞላ ነበር። ያስተውኳት እኔ ነኝ። «ወረቀት የአያቶቻችን ነው፤ አሁን እኔ አለሁ» አልኳት። እምቢ እምቢ ስትል ከርማ በመጨረሻ ተወችው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪጁ ነገር በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ ዓርብ ጧት ቢሮ ገብቼ ሻዬን ሳላማስል ሲስተር ከበሩ ብቅ አለች። ነጭ ጋዋኗን ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«ዘበኛህ ሞቷል።»

«ዘበኛ አይሞትም፤ ቢበዛ ያንቀላፋል።»

«ና እየው። መስመሩ የለም፤ ባዶ ሜዳ ነው።»

እውነቷን ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የፍሪጁ መስመር ሊሳልበት የሚገባው ቦታ ታርሶ ያልተዘራበት ማሳ መስሏል። ወደ ኋላ ብፈልግ መስመሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድረስ መጥቶ ቀጥ ብሏል።

«ዛሬ ከምሳ በኋላ ለሰሃላ ይጫናል» አለች። «ከትናንት ከሰዓት እስከ አሁን ፍሪጁ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ካላወቅሁ አልፈርምም። ካልፈረምኩ አይጫንም፤ ይወገዳል።»

«ብልቃጡ ላይ ያለውን ምልክት እይዋ።»

«ምልክቱ የሚነግረኝ መሞቁን ነው፤ መብረዱን አይነግረኝም። ይህ ፍሪጅ ሲያብድ ደግሞ ውሃ በረዶ እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ባለፈው ጊዜ መኪናው ተበላሽቶ ሳንደርስ ቀረን። እናቶቹ ልጅ አዝለው፣ ያን ሁሉ ገደል ወርደውና ወጥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲጠብቁን ዋሉ። አሁንም ለነገ ተጠርተዋል። ሁለተኛ ከቀረሁባቸው ሦስተኛ ብጠራቸው አይመጡም። እኔስ ብሆን እመጣለሁ?»

 

ቢሆንም ሊቅ ከወንበሩ አይነሣም። ከቢሮዬ ሆኜ በኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ ገባሁ፤ ጣቶቼን እንደ በገና ደርዳሪ አፍታታሁ። መጀመሪያ ትንሿን ቲ አዘዝኩ፤ ደንቡ ይመረመር። መልስ መጣ፤ ደንቡ እንከን የለውም። ቀጥዬ ትልቋን ቲ ሰደድኩ፤ መልእክተኞቹ ሄደው ይምጡ። ሄዱ፣ መጡ። ዲስኩ ደኅና ነው። መብራት አለ። ፍሪጁ አራት ዲግሪ።

«አራት!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። «ይኸው! ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሱ አሁን ነው። ትናንት ማታስ?»

«ትናንትም አራት ነው። ጠባዩን አውቀዋለሁ።»

«ጠባይ ላይ አልፈርምም።»

ከዚያ በኋላ ያላመካኘሁበት ፍጥረት የለም። አይጥ ሽቦ በልቷል አልኩ። ከተከዜ በረሃ የሚነሣው ሙቀት ፕለጊኑን አስክሮታል አልኩ። የሰሃላ ድንጋይ ማግኔት አለው ልል ስል ሲስተር እያየችኝ ስለነበር ዋጥኩት። ፀሐይዋ ወደ እኩለ ቀን ትጣደፋለች፤ ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ አቁሟል፤ መንገዱ ካለቀበት ወዲያ የሚጭኑት በቅሎዎች ከጧት ጀምሮ እየጠበቁ ነው። በመጨረሻ የኮምፒውተር ሊቆች ሁሉ የመጨረሻ ጸበል ወደሆነው መፍትሔ ደረስኩ።

«ሁሉም ተዘግቶ እንደገና ይከፈት» አልኩና ተነሣሁ።

ሲስተር ተከተለችኝ። በሩ ላይ አባባ ዘበኛው «ጸሐፊው ታመመ እንዴ?» አሉ።

«ትንሽ ደክሞት ነው አባባ።»

«እኔ እንኳ ዱላ አልያዘም ብዬህ ነበር» አሉ፤ ደስታቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም።

ክፍሉ ገብቼ ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ጥቁሩ መስኮት ከላይ እስከ ታች በነጭ ጽሑፍ ተሞልቶ እየተንፏቀቀ ነበር። እኔ አላነበብኩትም። ይህ መስኮት ሁልጊዜ ይለፈልፋል፤ የሚለፈልፍን ሰው ደግሞ ማን ያዳምጣል? ማውዙን ይዤ ወደ መዝጊያው ምልክት ሄድኩ። ጣቴን ልጫን ስል ሲስተር እጄን ከነማውዙ አፈፍ አድርጋ ያዘችኝ።

«ቆይ! ፍሪጅ ይላል!»

«ምን?»

«እዚህ ጋ ፍሪጅ ብሎ አራት ይላል። እዚህም። ከእሱ በላይ ያለውም።»

ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። እያንዳንዱ መስመር፣ ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው፣ እንዲህ ይል ነበር፦ «ፍሪጅ፣ አራት ዲግሪ፤ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አልተቀበልኩም።» ከሥሩ ደግሞ «ፍሪጅ፣ አራት ነጥብ ሁለት፤ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አልተቀበልኩም።» መልእክተኛው ሳይሰለች ይመላለሳል፤ ዘበኛው ሳይሰለች ይመልሰዋል።

«አሁን የመጣ ቁጥር እንዴት ጊዜ ያልፍበታል?» እያልኩ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። ቀኑ እዚያ ተጽፏል። ዓመቱ የእኛ ዓመት ነው። ወሩም የእኛ፤ ቀኑም የእኛ፤ ሰዓቱ ሳይቀር የሐበሻ ሰዓት።

«ሲስተር፣ ይህን ማን ነካው?»

በኽምጣና አንዲት ነገር አጉረመረመች፤ ትርጉሙን ባላውቀውም ለራሷ የተነገረ እንደነበር ያስታውቃል።

«ሪፖርቱ በፈረንጅ ቀን እየታተመ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ስሰርዝ ነው የምኖረው። ትናንት ሳትም አስተካከልኩት።»

«አስተካከልሽው!»

«ምን አጠፋሁ? እስቲ ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው? አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ስክሪኑ ላይ ያለው ነው። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ የሚመልስ ሰው ራሱ ሰርቨር ነው።

ዘበኛው ግን ፈረንጅ ነበር። እስከ ትናንት ከሰዓት ድረስ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጽፍ ቆይቶ ድንገት ጊዜው ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደበት። ትናንት ከጻፈው የሚቀድም ወሬ ደግሞ ደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ መልእክተኛውን «ይህ የድሮ ወሬ ነው» እያለ ይመልሰው ጀመር። ካልነካነው ያው ዓመት እንደገና እስኪደርስ ድረስ ሊያኮርፍ ነው። እኔ በማጋነን እታወቃለሁ፤ ይህኛውን ግን አንዲት ቀን አልጨመርኩበትም።

«ለመሆኑ ጳጉሜን የት ልታደርጊያት ነበር?» አልኳት።

«ጳጉሜ ስትደርስ አንተ ታስገባታለህ፤ ሊቅ አይደለህ!»

ሳቅን። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፤ ከጋዋኗ ኪስ ታጥፎ የከረመ የድሮውን የዲግሪ መሙያ ወረቀት አወጣች። አስተውኳት ብዬ አልነበር? ወረቀቱ ከኪሷ ወጥቶ አያውቅም ኖሯል።

«ወደ ላይ ሳበው፤ ትናንት ከሰዓት ድረስ።»

ሳብኩት። የተመለሰው ቁጥር ሁሉ ከነሰዓቱ እዚያ ነበር። አንድም አልጠፋም። ዘበኛው ወደ መዝገቡ አላስገባውም እንጂ በመስኮቱ ላይ አንድ በአንድ ተናግሮታል፤ ዳንቴሉ ሥር ሆኖ ሰሚ አጥቶ።

«ሰዓቱም በእኛ ስለሆነ ሳልደምር ሳልቀንስ አነበዋለሁ» አለች፤ ጥፋቷ ሳይቀር እንዲመሰገንላት ፈልጋ። «በል አንብብልኝ።»

እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሞላለች። አራት። አራት። አራት ከምናምን። ማምሻው ላይ አምስት ደረሰ፤ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ በመጠባበቂያ ባትሪው እንደቆየ ሁለታችንም አስታወስን። መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ እንዳበደ በሬ ወደ ቅዝቃዜው ሮጠ። አራት። ሦስት ተኩል። ሦስት። ወደ ንጋት ስንቃረብ ሁለት ነጥብ ስድስት። የሚቀጥለው ሁለት ነጥብ ሦስት። የሲስተር እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከሁለት ከወረደ አለቀ፤ የሰሃላ እናቶች ነገ በከንቱ ይጠብቃሉ። የሚቀጥለውን መስመር ዓይኔን ጨፍኜ ልዘለው ፈልጌ ነበር።

«አንብብ እንጂ!»

«ሁለት ነጥብ ሁለት።»

«ቀጥል።»

«ሁለት ነጥብ ... ሰባት። ሦስት። ሦስት ተኩል። አራት።»

ትንፋሿን ስትለቅ ዳንቴሉ ተርገበገበ ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ፤ ግን ሊርገበገብ ምንም አልቀረውም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሞላች፣ ፈረመች፣ ከዚያ ተነሥታ የበረዶ ሳጥኖቹን ራሷ ማዘጋጀት ጀመረች። እኔ ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለስኩት። ዘበኛው ወዲያው ታረቀ። መኪናው ከሰዓቱ ትንሽ ዘግይቶ ወጣ፤ አባባ ዘበኛው በሩን ከፍተው «ጸሐፊው ዳነ?» ሲሉ ሲስተር ከመኪናው መስኮት «ድኗል፤ ዱላም ሊገዛ ነው!» አለቻቸው።

ሲስተር ከሰሃላ ስትመለስ ፊቷ ፀሐይ በልቶት፣ ጫማዋ ተገንጥሎ፣ ግን እንደ ሙሽራ እየሳቀች ነበር። እናቶቹ መጥተዋል። ብልቃጡ ሁሉ ባዶ ሆኖ ተመልሷል። አንዲት እናት የሰጠቻትን ማር ከፍላ በብርጭቆ አመጣችልኝ፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

«ይህን ሰው ቀልደኛ ነው ብላችሁ አትናቁት» አለች። «ዘበኛውን በዚያች በኤፍ ያስነሣው፣ ስክሪኑንም ያሸገው እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ ነው። እኔ በፕላስተሩ ስስቅበት ነበር።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ትንሽ ደፋሁ፤ ሊቅ ሲመሰገን እንደሚደፋው። ማሩን ተቀበልኩ።

ዛሬ ያ ክፍል ሌላ ሆኗል። አዲሱ ፍሪጅ ራሱ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል፤ መልእክተኛም ሹምም አያስፈልገው። ሲስተር ወደ ዝቋላ ተመልሳለች። በሩ ላይ «ጸሐፊው ደኅና አደረ?» የሚል የለም። ሰርቨሩ ሲወገድ ከሁሉ ዕቃ መርጬ የወሰድኩት ዳንቴሉን ነበር፤ አሁን ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አለ። አንዳንዴ ገልጬ ሳየው ከሥሩ የሚለፈልፍ ጥቁር መስኮት የማገኝ ይመስለኛል።

ስለ ኤፍም ልንገራችሁ፤ ማሩ ካለቀ ቆይቷል። ዘበኛውን በኤፍ የማስነሣው ወደ ጀርባ ከሄደ ይሠራል ብዬ ስለማላምን ነበር። የስክሪኑን ቁልፍ በፕላስተር ያሸግሁትም ስክሪኑ ሲጠፋ ዘበኛው አብሮ የሚሞት ስለመሰለኝ ነው። ያኔ ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የኮምፒውተር ትምህርት እሰጥ ነበር።